አባ ጎርጎርዮስ በሮምና በጎታ

በድሮ ዘመን ባሕር ተሻግረው ከሄዱ ኢትዮጵያውያን መካከል ልቤን የሚይዙት አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። የመካነ ሥላሴው ካህን ሮም ላይ ያረፉት ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው የሐበሾች ማረፊያ፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ ነበር። በ1649 እ.ኤ.አ. ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ወጣት ጀርመናዊ ሊጠይቃቸው መጣ። እሱ አማርኛ አይችል፣ እሳቸው ጀርመንኛ አይችሉ። ያገናኛቸው ግዕዝ ነው። ያውም ለአንዱ ከመጽሐፍ የለቀመው፣ ለሌላው የቅዳሴና የጸሎት ቋንቋ ነበርና ወግ ሊጠርቁበት ለሁለቱም እንግዳ ነበር። ዛሬም ቢሆን ድጓ አድራሹ ሊቅ እንኳ የገበያ ወሬ በግዕዝ አውራ ቢባል ያቅማማል። እነሱ ግን ከዚያ ጀምረው ወዳጆች ሆኑ።

በ1652 የጎታው መስፍን ኤርነስት ጋብዘዋቸው አባ ጎርጎርዮስ ጀርመን፣ ጎታ ድረስ ሄዱ። ስለ ሀገራቸው ሃይማኖት፣ ሥርዓትና ኑሮ ለተጠየቁት ሁሉ መለሱ፤ ሉዶልፍንም አማርኛ አስተማሩት። በ1658 ወደ ሀገራቸው ሊመለሱ ሲጓዙ መርከባቸው ሰጥሞ ሞቱ።

ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱን በ1698 አሳተመ። የአማርኛ ጥናት በአውሮፓ ሲወሳ የተማሪው ስም ጎልቶ የመምህሩ መደብዘዙ ያሳዝነኛል። ሉዶልፍን የምትጠሩ ሁሉ አባ ጎርጎርዮስን አስቀድማችሁ ጥሩ።