እማሆይ ቴሬዛ አስተማሪ ሳሉ
(ከ1929 እስከ 1948)

የእማሆይ ቴሬዛ ስም በተነሣ ጊዜ በሰው ሁሉ ልብ የሚሣለው፣ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ነጭ ሳሪ ለብሰው፣ ወገባቸው ጐብጦ፣ በመንገድ የወደቀውን በሽተኛ ሲያነሡ ነው። ነገር ግን እኒህ እናት ወደ ድኾች መንደር ከመውጣታቸው አስቀድሞ ወደ ሃያ ዓመት የሚጠጋ ዘመን በተማሪ ቤት ቅጥር ውስጥ፣ ጠመኔ በእጃቸው ይዘው፣ ለሴቶች ልጆች ታሪክና መልክዐ ምድር ሲያስተምሩ እንደ ኖሩ የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው። ቤተ ክርስቲያን ተሠርታ በምትመረቅበት ቀን ጕልላቷን ያላየ ሰው አይገኝም፤ መሠረቷ ግን ከመሬት በታች ተሰውሮ ይኖራል። በዚህ ጽሑፍ የሚነገረው የዚያ የተሰወረው መሠረት ታሪክ ነው። ዘመኑም ሁሉ የተጻፈው በአውሮጳ አቆጣጠር ነው።

ልጅቱ የተወለደችው በኦገስት 26 ቀን 1910 በስኮፕዬ ከተማ ነው። ስኮፕዬ በዚያ ጊዜ በቱርክ ኦቶማን መንግሥት ግዛት ውስጥ ነበረች፤ ዛሬ የሰሜን መቄዶንያ ዋና ከተማ ናት። ወላጆቿ ኒኮላና ድራና ቦያጂዩ የአልባንያ ተወላጆችና ጽኑዓን የካቶሊክ ምእመናን ነበሩ፤ ልጃቸውንም በተወለደች በማግሥቱ አስጠምቀው ጎንጃ አግነስ አሏት። አግነስ ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆናት አባቷ በድንገት ስለ ሞተ ቤታቸው ተቸገረ። እናቷ ድራና ግን በስፌትና በጥልፍ ሥራ ሦስቱን ልጆቿን አሳደገች፤ በችግሯም ጊዜ ቢሆን ድኻን ከማዕዷ አላራቀችም ነበር። የልጅቱ የመጀመሪያ ተማሪ ቤት ይህ የእናቷ ማዕድ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ሁለተኛው ተማሪ ቤቷ ደግሞ በስኮፕዬ የነበረችው የቅዱስ ልበ ኢየሱስ ደብር ናት። ደብሪቱን የሚያገለግሉት የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት ነበሩ። ከዚሁ ማኅበር የዩጎዝላቪያ ተወላጆች የሆኑ ካህናት በ1925 ገደማ ወደ ሕንድ አገር፣ ወደ ቤንጋል፣ ለስብከተ ወንጌል ሄደው ስለ ነበር፣ ከዚያ የሚልኩት ደብዳቤ ለደብሪቱ ወጣቶች ይነበብላቸው ነበር። አግነስ በመዘምራኑ መካከል ሆና ታገለግል፣ ደብዳቤው ሲነበብም ተግታ ትሰማ ነበር። በዐሥራ ሁለት ዓመቷ ገደማ በልቧ የተጫረው የምንኵስና አሳብ በዐሥራ ስምንት ዓመቷ ጸና፤ የቤንጋልንም ሚሲዮን ለማገልገል ቈረጠች። ይህንን ለእናቷ በነገረቻት ጊዜ ድራና ወደ እልፍኟ ገብታ አንድ ሙሉ ቀን ሳትወጣ ቆየች። ከወጣች በኋላ ግን ልጇን ከመባረክ በቀር ሌላ አልተናገረችም። አንዲት ባልቴት ልጇን ለሩቅ አገር በምትሰጥበት ጊዜ የምትከፍለው ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ያ የተዘጋ እልፍኝ ብቻ ያውቀዋል።

በሴፕቴምበር 1928 አግነስ ከስኮፕዬ ተነሣች። እናቷና እኅቷ እስከ ዛግሬብ ድረስ በባቡር ሸኟት፤ በዚያም ተሰናበቱ። እናትና ልጅ ከዚያ ቀን በኋላ በዐይነ ሥጋ አልተያዩም። ድራና ኋላ ወደ አልባንያ ዋና ከተማ ወደ ቲራና ሄዳ ተቀመጠች፤ የአልባንያ መንግሥት በሩን ዘግቶ ስለ ነበር ልጇ መግባት ሳይቻላት፣ በ1972 በዚያው ዐረፈች።

አግነስ የተቀበሏት የሎሬቶ ደናግል ናቸው። እኒህ ደናግል ማእከላቸው በአየርላንድ፣ በደብሊን አጠገብ ባለው በራትፋርንሃም ገዳም የነበረ ሲሆን፣ ሴቶች ልጆችን ለማስተማር ወደ ካልካታ የገቡት በ1841 ነው። ልጅቱ በራትፋርንሃም የተቀመጠችው ስድስት ሳምንት ያህል ብቻ ነው፤ በዚያም ጊዜ ከቶ የማታውቀውን የእንግሊዝኛ ቋንቋ መማር ጀመረች። በዴሴምበር ወደ ሕንድ በመርከብ ተሳፈረች፤ የልደትንም በዓል በባሕር ላይ አከበረች። መርከቡ ማድራስ በደረሰ ጊዜ በየመንገዱ ዳር፣ በከተማው ቅጥር ሥር፣ የዘንባባ ቅጠል አንጥፈው የሚኖሩትን ቤተ ሰቦች አይታ እጅግ ደነገጠች። በአውሮጳ ያሉ ሰዎች ይህንን ቢያዩ ስለ ራሳቸው ችግር ማጕረምረማቸውን ይተዉ ነበር ብላ አሰበች። ጃንዋሪ 6 ቀን 1929 ካልካታ ገባች።

ከካልካታ ወደ ሰሜን፣ ከሂማላያ ተራሮች ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ ሁለት ሺሕ ሜትር ከፍታ ላይ ዳርጂሊንግ የምትባል ከተማ አለች። የአመክሮ ጊዜዋን የጀመረችው በዚያ ነው፤ በሜይ 23 ቀን 1929 የአመክሮ ልብስ ለበሰች። ስሟንም ከሁለት ዓመት በፊት የሚሲዮን ሥራ ጠባቂ ተብላ በታወጀችው በሊዝዮዋ ቅድስት ቴሬዛ ስም አደረገች። ነገር ግን ይህንኑ ስም የያዘች ሌላ እኅት በማኅበሩ ስለ ነበረች፣ አጻጻፉን እንደ እስፓኞች አድርጋ ለወጠችው። ታናሽ የሆነ ሥራ በፍጹም ፍቅር ሲሠራ በእግዚአብሔር ዘንድ ታላቅ መሆኑን ያስተማረችውን ቅድስት መምረጧ ያለ ነገር አልነበረም። በዳርጂሊንግ ጸሎትንና የማኅበሩን ሥርዐት፣ እንግሊዝኛንና የቤንጋልን ቋንቋ ተማረች፤ በገዳሙ ተማሪ ቤትም ሕፃናትን ማስተማር ጀመረች። በሜይ 1931 የመጀመሪያውን ብፅዓት አደረገች፤ ከዚህ በኋላ እኅት ቴሬዛ ተባሉ።

እኅት ቴሬዛ ወዲያው የተላኩት ካልካታ ውስጥ ኢንታሊ በሚባለው ሠፈር ወዳለው የሎሬቶ ገዳም ነው። በገዳሙ ሰፊ ቅጥር ውስጥ በእንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆች አንድ ተማሪ ቤት ነበራቸው፤ ከዚያው አጠገብ ደግሞ ቅድስት ማርያም የሚባል፣ በቤንጋል ቋንቋ የሚያስተምር የሴቶች ተማሪ ቤት ነበረ። እኅት ቴሬዛ የተመደቡት በዚህ በሁለተኛው ነው። አብረዋቸው ከሚሠሩት መካከል የአገሩ ተወላጆች የሆኑ፣ ሳሪ የሚለብሱ፣ የቅድስት ሐና ልጆች የተባሉ ደናግል ነበሩበት። የቤንጋልን ቋንቋ ጠንቅቀው ስላወቁ ሰዎች ቤንጋላዊቱ ቴሬዛ ይሏቸው ጀመር። ለባዕድ አገር አስተማሪ ከዚህ የሚበልጥ ማዕርግ የለም።

ከቅጥሩ ውጭም ቅድስት ቴሬዛ በተባለ የድኾች ልጆች ተማሪ ቤት ያስተምሩ ነበር። ወደዚያ በገቡበት በመጀመሪያው ቀን ያደረጉት ነገር ሊረሳ የማይገባው ነው። ክፍሉ ቆሽሾ ባዩት ጊዜ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ውሃና መጥረጊያ አስፈልገው፣ ወለሉን ይጠርጉ ጀመር። ልጆቹ ተደነቁ፤ ምክንያቱም በዚያ አገር ልማድ ቤት መጥረግ ዝቅ ያለ ወገን ናቸው የሚባሉ ሰዎች ሥራ እንጂ የአስተማሪ ሥራ አልነበረም። ጥቂት ቆይተው ግን ሴቶቹ ልጆች ለመርዳት ተነሡ፤ ወንዶቹም ውሃ ያመላልሱ ጀመር። ከሁለት ሰዓት በኋላ ያ የቆሸሸ ክፍል ንጹሕ ሆነ። ከመጽሐፉ ትምህርት በፊት የተሰጠው ይህ ትምህርት፣ ሥራን የሚያዋርድ ሰው እንጂ የሚያዋርድ ሥራ እንደሌለ ለሕፃናቱ ገለጠላቸው።

በእሑድ ቀን ደግሞ በድኻ ሠፈር ያሉትን ቤተ ሰቦች ይጐበኙ ነበር። የሚሰጧቸው ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ሆኖም ደስታን ይዘውላቸው ይሄዱ ነበር። የተማሪዎቻቸውን ቤት በዐይናቸው ያየ አስተማሪ በማግሥቱ ተማሪው የቤት ሥራውን ሳይሠራ ቢመጣ ምክንያቱን ስለሚያውቅ፣ ለቍጣ አይቸኵልም።

በሜይ 24 ቀን 1937 እኅት ቴሬዛ የዘላለም ብፅዓታቸውን ፈጸሙ፤ እንደ ማኅበሩም ልማድ ከዚያ ወዲህ እማሆይ ቴሬዛ ተባሉ። በዚያ ዘመን በማስተማር ሥራቸው እጅግ ደስ እንደሚላቸው ለእናታቸው ጽፈው ነበር። ድራና በመለሰችው ደብዳቤ ወደ ሕንድ የሄደችው ስለ ድኾች ብላ መሆኑን እንዳትረሳ ልጇን አሳሰበቻት። ይህ ቃል በእማሆይ ቴሬዛ ልብ ውስጥ እንደ እሾህ ተተክሎ ሳይቀር አልቀረም፤ ከገዳሙ ቅጥር ጀርባ ሞቲጂል የሚባል የጭቃ ጎጆ መንደር ነበረና። የስሙ ትርጓሜ የዕንቍ ኩሬ ማለት ነው፤ በውስጡ ግን ከረሃብና ከበሽታ በቀር ዕንቍ አልነበረም። ኢየሱሳዊው አባ ጁልያን ሄንሪ የሚመሩት የተማሪ ቤቱ የእመቤታችን ማኅበር ልጃገረዶች ወደዚያ መንደርና ወደ ሐኪም ቤት እየሄዱ ድኾችን ይጠይቁ ነበር። ሲመለሱም ያዩትን ሁሉ ለአስተማሪያቸው ይነግሯቸው ነበር። እንዲህ ሆኖ አስተማሪዪቱ ከተማሪዎቻቸው ይማሩ ጀመር።

ከዚህም በኋላ የመከራ ዘመን መጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የኢንታሊ ሕንጻ ለወታደሮች ሐኪም ቤትነት ስለ ተወሰደ ትምህርቱ በሌላ ቤት ይሰጥ ነበር። በ1943 ቤንጋልን የመታው ረሃብ ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊዮን የሚደርስ ሕዝብ ፈጀ። በዚህ ሁሉ መካከል እማሆይ ቴሬዛ ትምህርቱ እንዳይቋረጥ ብዙ ክፍል በአንድነት ያስተምሩ ነበር። በ1944 የቅድስት ማርያም ተማሪ ቤት አለቃ ሆነው ተሾሙ። በኦገስት 16 ቀን 1946 ደግሞ በካልካታ በእስላምና በሂንዱ መካከል ታላቅ እልቂት ተነሣ፤ በጥቂት ቀን ውስጥ በሺሕ የሚቈጠር ሰው ሞተ፤ ገበያውም ሁሉ ተዘጋ። በአዳሪ ቤቱ ሦስት መቶ ያህል ልጃገረዶች ነበሩ፤ የሚበሉትም አጡ። እማሆይ ቴሬዛ ምግብ ፍለጋ ብቻቸውን ወጡ፤ በመንገድም ሬሳ ወድቆ አዩ። ወታደሮች አግኝተዋቸው እንዲህ ባለ ቀን ለምን እንደ ወጡ ጠየቋቸው፤ ምክንያቱን በሰሙ ጊዜ በመኪናቸው አድርሰው ከረጢት ሙሉ ሩዝ አወረዱላቸው።

ከዚህ በኋላ አንድ ወር ሳይሞላ፣ በሴፕቴምበር 10 ቀን 1946፣ ለሱባዔ ወደ ዳርጂሊንግ በባቡር ሲሄዱ፣ ከድኾች ሁሉ ድኻ የሆኑትን በመካከላቸው እየኖሩ እንዲያገለግሉ የእግዚአብሔር ጥሪ በልባቸው መጣ። የካልካታው ሊቀ ጳጳሳት ፌርዲናንድ ፔሪየር ነገሩን በችኰላ አልተቀበሉትም፤ ሁለት ዓመት ያህል መረመሩት። እማሆይም በትሕትና ታዝዘው ጠበቁ። በ1948 ከሮም ፈቃድ በመጣ ጊዜ፣ በኦገስት 17 ቀን የሎሬቶን ልብስ አውልቀው፣ የድኻ ሴት ሳሪ ለብሰው ከገዳሙ ወጡ። ከሎሬቶ መለየት ከአባት ቤት ከመለየት ይልቅ እንደ ከበዳቸው ራሳቸው ኋላ መስክረዋል። የሚጠሉትን ትቶ መውጣት ለማንም ቀላል ነው፤ እርሳቸው ግን የተዉት የሚወዱትን ነው።

በፓትና ከተማ ከሐኪሞች ደናግል ዘንድ ጥቂት ወር የሕክምና ሥራ ተምረው በተመለሱ ጊዜ፣ በዴሴምበር 1948 ወደ ሞቲጂል ገቡ። በዚያ መጀመሪያ ካደረጉት ሥራ አንዱ ሃያ ዓመት ሲሠሩት የኖሩትን ነው፤ ሕፃናትን ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ። ሰሌዳ አልነበረም፤ ወንበርም አልነበረም። በበትር መሬቱን እየጫሩ የቤንጋልን ፊደል ጻፉላቸው። ያ ፊደል በዳርጂሊንግ ባይጠና፣ በኢንታሊም ባይደገም ኖሮ፣ በሞቲጂል አፈር ላይ ባልተጻፈ ነበር።

የዚያ የተሰወረ ዘመን ፍሬ ግን ከሁሉ ይልቅ በሰው ታየ። በማርች 19 ቀን 1949 ሱባሺኒ ዳስ የምትባል የቀድሞ ተማሪያቸው መጥታ ተከታያቸው ለመሆን ለመነች፤ እርሷም አግነስ የሚለውን የአስተማሪዋን የጥምቀት ስም ወሰደች። ቀጥለውም ሌሎች ተማሪዎቻቸው ተከታትለው መጡ፤ ከመጀመሪያዎቹ ዐሥራ ሁለት እኅቶች የሚበዙት በክፍላቸው ተቀምጠው የተማሩ ናቸው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንዲሉ፣ የቤንጋልን ድኻ ለማንሣት በመጀመሪያ የተነሡት የቤንጋል ልጆች ሆኑ። በኦክቶበር 7 ቀን 1950 የፍቅር ሥራ ሚሲዮናውያን ማኅበር በሕግ ተመሠረተ። እማሆይ ቴሬዛ በሴፕቴምበር 5 ቀን 1997 ባረፉ ጊዜ ማኅበሩ በ123 አገሮች 610 ቤቶች ነበሩት፤ እኅቶቹም ወደ 4,000 ይጠጉ ነበር። ቤተ ክርስቲያን በሴፕቴምበር 4 ቀን 2016 ቅድስና አወጀችላቸው።

የኢትዮጵያ ሰውም ከዚህ ፍሬ ተካፍሏል። እኒህ እኅቶች በ1973 አዲስ አበባ ገብተው ቤት ከፍተዋል፤ በእጃቸውም ጠያቂ የሌለው በሽተኛና ወገን ያጣ ሕፃን ተጠግቷል። ያን በሽተኛ ያነሣችው እጅ አስቀድማ ጠመኔ የያዘች እጅ መሆኗን ማን ያስባል?

እንግዲህ በየደብሩ ስሙ ሳይጠራ ለሕፃናት ፊደልና ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስተምር ሁሉ፣ ሥራው ታናሽ መስሎ ታይቶት ልቡ አይድከም። ልጇን ለእግዚአብሔር አገልግሎት የሰጠች እናትም የድራናን እልፍኝ ታስብ። የኢዮቤልዩ በዓል የሚከበረው ስለሚታየው ሕንጻ ብቻ አይደለም፤ ከመሬት በታች ሆነው ሕንጻውን ስለ ተሸከሙት ድንጋዮችም ነው። እነርሱንም እግዚአብሔር አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። ለእርሱ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ አሜን።