የደብረ ሊባኖስ ገደልና የገዳሙ ታሪክ

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚያልፈው ጎዳና ከዓባይ በረሓ ከመድረሱ አስቀድሞ የሰላሌ ሜዳ በድንገት ተቈርጦ ገደል ይሆናል። ደብረ ሊባኖስ የተመሠረተው በዚሁ ገደል ላይ ነው፤ ከሥሩ የሚወርደው የዘጋ ወደም ወንዝ በጀማ በኩል ወደ ዓባይ ይገባል። ሥፍራውን ያየ ሰው ገዳሙን ለዚህ ዘመን ያደረሰው የገደሉ ምሽግነት ነው ብሎ ይገምት ይሆናል። ታሪኩ ግን ይህን ግምት አይደግፍም።

አቡነ ተክለ ሃይማኖት በሐይቅ እስጢፋኖስና በደብረ ዳሞ ሥርዐተ ምንኵስናን ተምረው፥ በ13ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ማኅበራቸውን በዚህ ሲያቆሙ ሥፍራው ደብረ አስቦ ይባል ነበር። የገደሉ ርቀት ማኅበሩን ከነገሥታት ጉዳይ አላገለለውም። ከተተኪዎቻቸው አንዱ አቡነ ፊልጶስ ዐጤ ዓምደ ጽዮንን ስለ ጋብቻው ገሥጸው ተጋዙ። በ15ኛው ምእት ዓመት ደግሞ ዐጤ ዘርዐ ያዕቆብ ገዳሙን ደብረ ሊባኖስ አሰኘው፤ አለቃው እጨጌም በክብር ከጳጳሱ ቀጥሎ የሚቈጠር ሆነ።

በሐምሌ 1523 ዓ.ም. የኢማም አሕመድ ጦር ቤተ ክርስቲያኑን አቃጠለ። የኢማሙ ታሪክ ጸሓፊ ዐረብ ፈቂህ መነኮሳቱ ራሳቸውን ወደ እሳቱ እንደ ጣሉ ጽፏል። ከዚያ በኋላ ማኅበሩ ቢበተንም መንበሩ አልጠፋም፤ በጎንደር ዘመን እጨጌው በአዘዞ ተቀመጠ። ገደሉን ትቶ መሄድ የሚችል ሹመትና የመምህራን ሐረግ ስለ ነበረ፥ ገዳሙ ያለ ሥፍራውም ኖረ።

ግንቦት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የደረሰው መከራ ከዚህ የተለየ ነበር። ዕለቱ የጻድቁ ፍልሰተ ዐፅም የሚከበርበት ስለ ሆነ ምእመናን በብዛት ተሰብስበው ነበር። የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ የተጣለውን ቦምብ ምክንያት በማድረግ የጄኔራል ማሌቲ ጦር ገዳሙን ከበበ። ግራዚያኒ ለሮም ባስተላለፈው ቴሌግራም 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎች መረሸናቸውን፥ ቀጥሎም 129 ዲያቆናት መገደላቸውን አስታወቀ። ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ያደረጉት ምርመራ ግን የሟቾቹን ቍጥር ከ1,400 በላይ እስከ 2,000 ገደማ ያደርሰዋል።

የ1523ቱ እሳት ሕንፃውን አጠፋ፤ የ1929ኙ ጥይት ግን ያነጣጠረው በማኅበሩ ላይ ነበር። መምህርና ደቀ መዝሙር፥ ካህንና ዲያቆን አንድ ላይ ሲገደሉ በቃል የሚተላለፈው ትምህርት ከሁለት ወገን ይቈረጣል፤ የሚሰጠውም የሚቀበለውም ይጠፋልና። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ታላቁን ቤተ ክርስቲያን አሠርተዋል። ገደል ውስጥ የቆመው ሕንፃ እንዲህ ሊታደስ ይችላል፤ የመምህራኑን ሐረግ የቀጠሉት ግን ከሞት የተረፉትና በየአገሩ የነበሩት የተክለ ሃይማኖት ልጆች ናቸው። የገዳሙ ዕድሜ መለካት የሚገባውም በእነርሱ ነው።