ከባርኔጣ የወጣው ፖይንት ጋርድ

እሑድ ጠዋት ነበር፤ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2025። (ቀኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ወደ እኛ ስቀይር እንዳልሳሳት።) በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጥቂት ሲያልፍ፣ አሜሪካ ገና እኩለ ሌሊት ላይ ሳለ፣ ሉካ ዶንቺች ከዳላስ ወደ ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ሄደ የሚል ዜና ወጣ። እኔም እንደ ብዙው ሰው መጀመሪያ የመሰለኝ ዜናውን የለጠፈው የሻምስ ቻራኒያ ገጽ የተጠለፈ ነው። ሰውዬው ነገሩ እውነት መሆኑን ደግሞ ለመጻፍ ተገደደ።

ዶንቺች ያኔ 25 ዓመቱ ነው። ከስምንት ወር በፊት ዳላስን እስከ ፍጻሜው አድርሷል። ልውውጡን አልጠየቀም፤ እሱንም የጠየቀው የለም። በዚያ ላይ ዳላስ ቢቆይ በዚያው ክረምት ሊፈርመው ይችል የነበረው፣ ወደ 345 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት የአምስት ዓመት ውል አብሮ ተነነ። ደንቡ ያንን የሚያህል ውል የሚፈቅደው ተጫዋቹን ከጀማሪነቱ ይዞ ላቆየው ቡድን ነውና።

«ልውውጥ» ያልኩት አውቄ ነው። እኛ በእግር ኳስ የለመድነው «ዝውውር» ሌላ ነገር ነው። ሁለት ክለቦች በዋጋ ቢስማሙም ተጫዋቹ አልሄድም ካለ ጉዳዩ እዚያው ይቀራል። በኤንቢኤ ግን ሁለት ቡድኖች ይስማማሉ፣ ሊጉ ያጸድቃል፣ ተጫዋቹ ሻንጣውን ይሸክፋል። ውሉ ሳይነካ፣ ደመወዙ ሳይቀየር፣ ሰውየው ብቻ ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ያልፋል። የሚሰጠውም ብዙ ጊዜ በገንዘብ አይደለም፤ በሌላ ሰው፣ ወይም ገና ዩኒቨርሲቲ ባልገባ ልጅ ድራፍት ዕድል ነው።

ተጫዋቹ የራሱ ጌታ የሚሆንበት አንድ ጊዜ አለ፤ ውሉ ሲያልቅ። ያኔ ፍሪ ኤጀንት ይባላል። በየዓመቱ ሰኔ ሲያልቅ ያ ገበያ ሲከፈት፣ «እነዚህ ልጆች ጠገቡ፣ ታማኝነት ጠፋ» የሚል ሰው አጣለሁ ማለት ዘበት ነው። እዚሁ ቻናል አስተያየት መስጫው ላይ ስንቴ አንብቤዋለሁ። ይህን የሚል ሰው ያቺ መብት እንዴት እንደተገኘች ቢያውቅ ደስ ይለኛል። ታሪኩን ተሸክመው የመጡት ሁለት ፖይንት ጋርዶች ናቸው፤ ኳሷን ይዘው የሚወጡት፣ ማን የት እንደሚቆም የሚያዙት ዓይነት ተጫዋቾች። አንደኛው ማኅበሩን መሠረተ። ሁለተኛው ማኅበሩን እየመራ ሊጉን ከሰሰ። ሁለተኛውን የለወጠው ደግሞ የመጀመሪያው ነው።

ቦብ ኩዚ በ1950 ከኮሌጅ ሲወጣ ድራፍት ያደረገው ትራይ ሲቲስ የሚባል ቡድን ነበር። ኩዚ የተማረው ቦስተን አቅራቢያ ዉስተር ከተማ ነው፤ እዚያም የመኪና መንዳት ማሠልጠኛ ሊከፍት አስቧል። ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ሄዶ ለመጫወት 10,000 ዶላር ጠየቀ፤ ባለቤቱ 6,000 አለው። ኩዚ እምቢ አለ። መብቱ ወደ ቺካጎ ስታግስ ተላለፈ፤ ስታግስ ፈረሰ። ከፈረሰው ቡድን ሦስት ተጫዋቾች ተረፉ፤ ማክስ ዛስሎፍስኪ፣ አንዲ ፊሊፕ እና ኩዚ። ኒው ዮርክ፣ ፊላዴልፊያና ቦስተን ሦስቱም ዛስሎፍስኪን ፈለጉ፣ አልተስማሙም። በመጨረሻ ሦስቱ ስሞች ባርኔጣ ውስጥ ገቡ። የቦስተኑ ባለቤት ዋልተር ብራውን እጁን ሰድዶ ያወጣው ወረቀት ላይ የማይፈልገው ስም ነበር፤ ኩዚ።

እኛ እጣ እናውቃለን። አባቴ መምህር ነበር፤ የመጀመሪያ ምድቡ የወጣለት በእጣ ነው፣ እስካሁን ሲያወራው ይስቃል። ስለዚህ የባርኔጣው ታሪክ እንደ ቀልድ ሲነገር ቀልዱ አይጠፋኝም። ኩዚም ቦስተን ውስጥ ስድስት ጊዜ ሻምፒዮን ስለሆነ ነገሩ በሳቅ ተዘጋ። ሰውየው ግን የተረዳው ነገር ሳይኖር አልቀረም። በ1954 ከየቡድኑ ታዋቂ ለሆኑ ተጫዋቾች ደብዳቤ ጻፈ፤ ማኅበር እናቋቁም ብሎ። ከአንዱ በስተቀር ሁሉም በጎ መልስ ሰጡ። ያልመለሰው አንዲ ፊሊፕ ነው፤ ከዚያው ባርኔጣ የወጣው ሰው። በወቅቱ ይጫወት የነበረው ለፎርት ዌይን ሲሆን፣ ባለቤቱ ፍሬድ ዞልነር ማኅበር የሚባል ነገር በጠረኑ የማይወድ የፋብሪካ ጌታ ነበር። ሊጉ ማኅበሩን ያወቀው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

ያኔ የነበረው ውል ቀላልና ጨካኝ ነው። ውልህ ሲያልቅ ቡድኑ ለአንድ ዓመት ሊያራዝመው ይችላል፤ የተራዘመው ውል ውስጥ ያው የማራዘሚያ አንቀጽ አለ። ስለዚህ ውሉ አያልቅም። ቡድኑ ካልለቀቀህ በስተቀር ያለህ ምርጫ መጫወት ወይም ኳስ መተው ነው። መተውም ቢሆን ነፃ አያወጣም፤ ኩዚ ራሱ ይህን በኋላ አይቶታል። በ1963 ጫማውን ሰቀለ፣ ኮሌጅ አሠለጠነ፣ በ1969 የሲንሲናቲ ሮያልስ አሠልጣኝ ሆነ። በ41 ዓመቱ ጥቂት ጨዋታ ልጫወት ሲል ግን ቦስተን «መብቱ የእኛ ነው» አለ። ሲንሲናቲ ቢል ዲንዊዲ የተባለ ተጫዋች ሰጥቶ የገዛ አሠልጣኙን ከስድስት ዓመት ጡረታ በኋላ «ተቀበለ»። ኩዚ ሰባት ጨዋታ ተጫወተ።

ሲንሲናቲ ውስጥ የጠበቀው ፖይንት ጋርድ ኦስካር ሮበርትሰን ነው።

ሮበርትሰንን ብዙ ሰው የሚያውቀው በቁጥር ነው። በ1961-62 የውድድር ዓመት በአማካይ 30.8 ነጥብ፣ 12.5 ሪባውንድ እና 11.4 አሲስት አስመዘገበ፤ ራስል ዌስትብሩክ እስኪመጣ ድረስ ለ55 ዓመት ማንም አልደገመውም። ወደ እኛም የሚያስጠጋ ነገር አለው፤ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ባሸነፈበት የ1960ው የሮም ኦሊምፒክ ሮበርትሰን ከአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ቡድን ጋር ወርቅ ወስዷል። እኔ ግን ከሁሉም የሚከነክነኝ ከሮም በፊት የሆነው ነው። ኢንዲያናፖሊስ ያደገ፣ ለጥቁሮች ብቻ ተብሎ በተሠራ ክሪስፐስ አታክስ በሚባል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ ነው። በ1955 ትምህርት ቤቱ የግዛቱ ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ በፊት ያሸነፉ የነጭ ቡድኖች መሀል ከተማ ይከበርላቸው ነበር። የእነ ኦስካር ሰልፍ ግን ከመሀል ከተማ ወጥቶ ወደ ጥቁሮቹ ሰፈር መናፈሻ ተመራ። ዋንጫውን ይዘህ ወደ ሰፈርህ ሂድ እንደማለት ነው። ሮበርትሰን ሸምግሎም ይህን አልረሳውም።

የት እንደሚጫወትም አልመረጠም። በወቅቱ በነበረው የአካባቢ ድራፍት ደንብ ሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ስለተማረ የሲንሲናቲ ሮያልስ ሆነ፤ በቃ። በጃንዋሪ 1964 ቦስተን ላይ የኦል ስታር ጨዋታ ሊጀመር ሲል፣ ተጫዋቾቹ የጡረታ ዋስትና ካልተሰጠን አንወጣም ብለው መልበሻ ክፍል ውስጥ ተቀመጡ። ቴሌቪዥን ይጠብቃል፣ ሕዝቡ ገብቷል። የሌከርስ ባለቤት ተጫዋቾቹ እንዲወጡ የሚያዝ መልእክት ላከ፤ አልሰሙትም። ኮሚሽነሩ ቃል ከገባ በኋላ ነው የወጡት። የዚያ ምሽት ኮከብ ተብሎ የተመረጠው ሮበርትሰን ነበር። በቀጣዩ ዓመት የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንት።

በ1967 ኤቢኤ የሚባል ተቀናቃኝ ሊግ ተቋቋመ። ለተጫዋቾች ይህ ማለት ሁለተኛ ቀጣሪ ተገኘ ማለት ነው፤ ደመወዝ ወዲያው ወደ ላይ ወጣ። ሪክ ባሪ ወደዚያ ለመሻገር አንድ ሙሉ ዓመት ሳይጫወት ቁጭ ብሏል። የቡድን ባለቤቶቹ መፍትሔ ግልጽ ነበር፤ ሁለቱ ሊጎች ይዋሃዱና ቀጣሪው ተመልሶ አንድ ይሁን። በኤፕሪል 1970 አጋማሽ ሮበርትሰንና ሌሎች 13 ተጫዋቾች፣ ውህደቱን ለማገድና የማራዘሚያ አንቀጹን ለማፍረስ፣ በፀረ ሞኖፖል ሕግ ኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ። (ከከሳሾቹ አንዱ በኋላ ሴናተር የሆነው ቢል ብራድሊ ነው።)

ክሱ የተመሠረተው ኤፕሪል 16 ነው። ኤፕሪል 21 ሮበርትሰን ወደ ሚልዋኪ ተለወጠ።

አንዱ የሌላው ቅጣት ነው ብዬ ልጽፍ አልችልም። ኩዚ ቡድኑን ፈጣንና ወጣት አድርጎ እንደ አዲስ ሊሠራ ፈልጓል፤ ልውውጡም ከክሱ በፊት ለወራት ሲታሰብ የቆየ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ሲንሲናቲ በጋስ ጆንሰን ለውጦ ለባልቲሞር ሊሰጠው ሞክሮ ነበር። ያ ልውውጥ የፈረሰበት ምክንያት ለእኔ የታሪኩ እምብርት ነው፤ ሮበርትሰን ውሉ ውስጥ ያለ ፈቃዱ እንዳይለወጥ የሚል አንቀጽ ነበረው። እምቢ አለ። ሚልዋኪን ግን እሺ አለ፤ እዚያ ገና አንድ ዓመት የተጫወተ፣ በኋላ ከሪም አብዱል ጀባር የተባለ ረጅም ልጅ ነበር። በምትኩ ሲንሲናቲ የወሰደው ፍሊን ሮቢንሰንን እና ቻርሊ ፖልክን ነው። ሮቢንሰን በዚያው ዓመት ኦል ስታር ነበር።

ሚልዋኪ በቀጣዩ ዓመት 66 ጨዋታ አሸንፎ 16 ተሸነፈ። በፍጻሜው አራት ለዜሮ የረታው ቡድን ያው ባልቲሞር ነው፤ ጋስ ጆንሰንም እዚያው ነበር። የመምረጥ ዕድል ያገኘ አንድ ተጫዋች በትክክል መረጠ። ሲንሲናቲ ደግሞ በ1972 ቡድኑን ራሱን አጣ፤ ሮያልስ ወደ ካንሳስ ሲቲ ሄዱ። ኩዚ ማኅበሩን መሥርቶ የማኅበሩን መሪ መለወጡን እንደ ክህደት የሚያዩ አሉ። እኔ አላየውም። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ደንቡ የሚፈቅድለትን ያደርጋል፤ ኩዚም በ1954 የተዋጋው ይህንኑ ወንበር ነው።

ክሱ ስድስት ዓመት ፈጀ። የያዙት ዳኛ ሮበርት ካርተር፣ ዳኛ ከመሆናቸው በፊት ከተርጉድ ማርሻል ጎን ቆመው የትምህርት ቤት ዘር መለያየትን በፍርድ ቤት ያስፈረሱ ጠበቃ ነበሩ። ሊጉ ክሱን ውድቅ አድርጉልን ሲል በ1975 አልተቀበሉትም። ከዚያ በኋላ ባለቤቶቹ ለድርድር ተቀመጡ። በ1976 ስምምነቱ ተፈረመ፤ ዘላለማዊው የማራዘሚያ አንቀጽ ቀረ፣ ወደ 500 ለሚሆኑ ተጫዋቾች 4.3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተከፈለ፣ ከኤቢኤ አራት ቡድኖች ገቡ። እግር ኳስ ተመሳሳዩን ያገኘው ከ19 ዓመት በኋላ በቦስማን ፍርድ ነው። ቦስማንን እኛ አገር የማያውቅ የስፖርት ጋዜጠኛ የለም፤ ሮበርትሰንን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

መብቱ አንድ ቀን ሙሉ ሆኖ አልወረደም። እስከ 1980 ድረስ ነፃ ተጫዋች የወሰደ ቡድን ካሳ ይከፍላል፤ ቢል ዋልተን በ1979 ወደ ሳንዲዬጎ ሲሄድ ለፖርትላንድ ተጫዋቾች በካሳ ተሰጡ። ከዚያ በኋላ የቀድሞው ቡድን ሌላው ያቀረበውን ዋጋ አቅርቦ ማስቀረት ይችል ነበር። ያለ ምንም ገመድ የሄደው የመጀመሪያው ሰው ቶም ቻምበርስ ነው፤ ከሲያትል ወደ ፊኒክስ፣ ጁላይ 1988። ሮበርትሰን መጫወት ካቆመ 14 ዓመት ሆኖታል። ነፃ ገበያውን አንድም ቀን ሳይጠቀምበት ነው ያረጀው።

ሁሉ ነገር ግን አልተፈታም። ውሉ እስኪያልቅ ድረስ ቡድኑ እንደ ድሮው ይለውጣል። ቁመቱ ከእኔ ብዙም የማይበልጠው የቦስተኑ አይዛያ ቶማስ በ2017 በአማካይ 28.9 ነጥብ አስቆጠረ። እህቱ በመኪና አደጋ በሞተች ማግስት ወጥቶ ተጫወተ። ዳሌው ተጎድቶም ተጫወተ። ደመወዙ በዚያ ገበያ ትንሽ የሚባል ነበር፤ ትልቁን ውል ሊፈርም አንድ ዓመት ቀርቶታል። በኦገስት ቦስተን በካይሪ ኧርቪንግ ለወጠው። በ2018 ገበያ ሲወጣ ያገኘው ከዴንቨር የአንድ ዓመት ዝቅተኛ ክፍያ ነው። ያን ጊዜ «ይሄ ቢዝነስ ነው» ያሉ ሰዎች፣ ተጫዋች በራሱ ጊዜ ሲሄድ «ከዳ» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። ተመሳሳይ ሰዎች ናቸው፤ ስማቸውን አልጠራም።

ዶንቺች በኦገስት 2025 ከሌከርስ ጋር የሦስት ዓመት፣ 165 ሚሊዮን ዶላር ማራዘሚያ ፈረመ። የመጨረሻው ዓመት በእሱ ምርጫ ነው፤ ከፈለገ በ2028 ክረምት ገበያ ይወጣል። ሮበርትሰን በ1970 የነበረው ዓይነት፣ ያለ ፈቃዱ እንዳይለወጥ የሚል አንቀጽ ግን ውሉ ውስጥ የለም።