የጣርማበር ጆሮ

ደብረ ሲና ላይ መኪናውን አቁሞ ሻይ የሚጠጣ ሾፌር ወሬው ሁለት ነው፤ ፍሬንና መንገድ። አንድ ቀን ግን አንዱ ወጣት ሾፌር አጠገቡ ለተቀመጡት አንጋፋ ሾፌር ሌላ ጥያቄ አመጣ። «ጋሼ፣ ያቺን ስካነር የምትባለዋን ሬዲዮ መኪናዬ ላይ ብገጥም አንቴናዋን የት ላቁማት? ኮፈኑ ላይ ነው ፖርቶ መጋላው ላይ?» ስካነር በየሞገዱ እየዞረ፣ ሰው ሲያወራ ባገኘበት ላይ ቆሞ የሚያዳምጥ ሬዲዮ ነው። ጋሼም «ልጄ፣ መጀመሪያ ማንን ልትሰማ ነው?» አሉት።

የቴክኒኩ መልስ አጭር ነው። ለመኪና የሚመረጠው አንቴና ቁመቱ የሞገዱ ሩብ የሆነው ነው። 100 ሜጋኸርዝ አካባቢ ላለ ኤፍ ኤም ሞገዱ 3 ሜትር ስለሆነ 75 ሳንቲሜትር ይበቃል፤ 150 ሜጋኸርዝ ላይ ለሚነጋገር ደግሞ 50 ሳንቲሜትር። ሁሉንም እኩል የሚሰማ አንድ ዘንግ የለም። ቦታው የጣሪያው መሐል ነው፤ ቆርቆሮው ራሱ የአንቴናውን ግማሽ ሥራ ይሠራለታል። ፖርቶ መጋላ ላይ ብረት መሐል የተሰካ ግን በብረቱ ይጋረዳል።

ይሁን እንጂ ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ። ኤፍ ኤም እንደ ዓይን ነው፤ ቀጥታ ያያል፣ ተራራ ይጋርደዋል። ከሰማይ እየነጠረ ቆላ የሚወርደው አጭር ሞገድ ነው። የይፋት ሰው ለረጅም ዘመን የሩቁን ወሬ በአጭር ሞገድ መከታተሉ ለዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ ጋሼ ጥያቄ እንመለስ። በዚህ መንገድ ታሪክ ውስጥ የሰው ሬዲዮ ማድመጥ አዲስ ነገር አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያኖች የንጉሠ ነገሥቱን ጦር የሬዲዮ መልእክት እየጠለፉ ያነቡ ነበር። መጋቢት 22 ቀን በማይጨው የተዋጋው የኢትዮጵያ ጦር ጀግንነት አላነሰውም፤ ምሥጢሩ ግን ቀድሞት ጠላት ጆሮ ገብቶ ነበር። ከዚያ ባዶሊዮ ወደ 1,700 የሚጠጉ መኪናዎች አሰልፎ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ገሰገሰ። ያን ሁሉ ሬዲዮና መኪና የያዘ ጦር ጣርማበር ላይ ሲደርስ ምን አቆመው? አርበኛው የናደው መንገድ! ወታደሩ መኪናውን ትቶ ድንጋይ ሲያነሳ ዋለ፣ አደረ። አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን ነበር። ኋላም ተራራውን በሳው፤ ዛሬም ሾፌሩ በዚያው ዋሻ ያልፋል፣ ዋሻው ውስጥ ሲገባ ሬዲዮው ይንተባተባል።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የዚህ አገር ሰው ጥያቄ አንድ ነበር፤ «መንገዱ ክፍት ነው?» እናት ቆላ የቀረ ልጇን፣ ሾፌር የጫነውን እህል እያሰበ ይጠይቃል። መልሱ ከሬዲዮው ዘግይቶ ሲመጣ፣ ሰው ከወዲያ ከመጣ መኪና መስኮት ሥር ቆሞ ይለምነዋል። አንዱ «ክፍት ነው» ይላል፣ ሌላው «ተዘግቷል»። በዚያ ቃል ጉዞ የጀመረም፣ የቀረም አለ።

ልጁ ስካነር ያማረው ለዚህ ነው እንጂ ለስለላ አይደለም። ሆኖም የሰው ግንኙነት ያለ ፈቃድ መጥለፍ በሕጋችን ከባድ ወንጀል ነው፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅም ይህንን ከልክሎ ነበር። ጋሼም ይህንን አልሸሸጉትም። «የኤፍ ኤሟን ዘንግ ጣሪያህ መሐል አቁምና ተዋት» አሉት።

እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ሕዝብ የሌላውን ወሬ ለመስማት አንቴና የሚያረዝመው ለእሱ የሚነገረው ሲያጥር ነው። የመንገዱን እውነት በሰዓቱ የሚነግረው ቢያገኝ፣ ያ ወጣት የሚያስፈልገው 75 ሳንቲሜትር ሽቦ ብቻ ነበር።