የመራጮች መዝገብ

እኔ በምኖርበት በመቀሌው ቀዳማይ ወያነ፣ ከመረብ ማዶ ዘመድ ያለው ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ የዜግነት ታሪክ እዚህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ሚያዝያ 1985 ዓ.ም. በተካሄደው የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖሩ የኤርትራ ተወላጆችም ድምፅ ሰጡ። ለመመዝገብ ኤርትራዊ ዜግነትን ማስመስከር ግድ ነበር። ከዚያ በኋላም ግን በኢትዮጵያ ፓስፖርት መጓዛቸውን ቀጠሉ፤ መንግሥትም ያድስላቸው ነበር።

ግንቦት 1990 ጦርነቱ መጣ። ግንቦት 28 ቀን እዚሁ መቀሌ የዓይደር ትምህርት ቤት በአውሮፕላን ተደበደበ። የሰዉ ቁጣ ይገባኛል። ያ የድምፅ ምዝገባ የዜግነት መንጠቂያ መሆኑ ግን አይገባኝም። የ1922ቱ ሕግ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል ይላል፤ ደኅንነትና ኢሚግሬሽን ያኔ አንድ መሥሪያ ቤት ነበሩ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተባረሩ። በኛ በሶፍትዌር ሰዎች ቋንቋ፣ ለአንድ ዓላማ የተሰበሰበ ዳታ ባለቤቱ ሳይጠየቅ ለሌላ ዋለ ማለት ነው።

በ1996 አዲስ የዜግነት አዋጅ፣ ቁጥር 378፣ ወጣ። በዚያው ዓመት የወጣ መመሪያ አገር ውስጥ ለቀሩት ዜግነት የማስመለሻ በር ከፈተ። ታኅሣሥ 1997 ደግሞ የኤርትራና ኢትዮጵያ የካሳ ኮሚሽን፣ ተመዝጋቢዎቹ የሁለቱም አገር ዜጎች እንደነበሩ ወሰነ፦ በደኅንነት ማጣራት ተለይተው የተባረሩትን በተመለከተ ኢትዮጵያን አልወቀሰም፤ ከሌሎቹ ግን ቢያንስ የአንዳንዶቹን ዜግነት ያለአግባብ ነጥቃለች አለ።