የወደቁትን ስለ መቀበል፤ ከሰማዕታት ዘመን ቀኖና

በግብጽ አገር በፋዩም አውራጃ አሸዋው ሳይበላቸው ጠብቆ ካቈያቸው የፓፒረስ ቍራጮች መካከል አንዱ፣ በ250 ዓ.ም. በሰኔ ወር የተጻፈ አጭር ማመልከቻ ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። አመልካቹ አውሬልዮስ ዲዮጋንስ የሚባል፣ ዕድሜው 72 ዓመት የሆነና በቀኝ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለበት የገጠር ሰው ሲሆን፣ ከዚህ ቀደም ለአማልክት ዘወትር ይሠዋ እንደ ነበረ፣ አሁንም በሹማምንቱ ፊት መሥዋዕት እንደ ሠዋ፣ የወይን ጠጅ እንዳፈሰሰና ከተሠዋውም እንደ ቀመሰ ከገለጸ በኋላ፣ ይህንኑ በፊርማቸው እንዲያጸኑለት ይለምናል። ይህ ሽማግሌ ክርስቲያን ይሁን አይሁን ወረቀቱ አይናገርም፤ ነገር ግን ንጉሡ ዳኬዎስ ያወጣው ዐዋጅ ሕዝቡን ሁሉ የሚመለከት ስለ ነበረ፣ ክርስቲያኑም ከጎረቤቱ ጋር ተሰልፎ ወይ መሠዋት፣ ወይ መታሰር፣ ወይ አገር ጥሎ መሰደድ፣ ወይም ለሹሙ መማለጃ ሰጥቶ ሳይሠዋ የሠዋ የሚያስመስለውን ወረቀት መግዛት ግድ ሆነበት።

ስለ ጸኑት ሰማዕታት ገድላቸው ተጽፎ፣ በዓላቸው ተሠርቶ፣ ስንክሳራቸው በየዕለቱ ይነበብልናል። ስለ ወደቁት ግን የሚነገረን ጥቂት ነው፤ ቍጥራቸው ከጸኑት እንደሚበልጥ በዘመኑ የነበሩት አበው ራሳቸው እያዘኑ መስክረዋል። ዳኬዎስ በ251 ዓ.ም. በጦር ሜዳ ሞቶ ስደቱ ጋብ ባለ ጊዜ፣ እነዚህ ሰዎች በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆመው ያለቅሱ ጀመር። በቅርጣግና ቆጵርያኖስ በንስሐ ይመለሱ ሲል፣ በሮሜ ኖባጥያኖስ በሩ ለዘለዓለም ይዘጋባቸው አለ፤ በዚህም ምክንያት ቤተ ክርስቲያን ለሁለት ተከፈለች። ከሁሉ ይልቅ ነገሩ ጠለቅ ብሎ የታየው ግን ከኀምሳ ዓመት በኋላ፣ ለእኛም ቤተ ክርስቲያን እናት በነበረችው በእስክንድርያ መንበር ነው።

ዲዮቅልጥያኖስ በ303 ዓ.ም. አብያተ ክርስቲያናት እንዲፈርሱ፣ ቅዱሳት መጻሕፍትም እንዲቃጠሉ ባዘዘ ጊዜ የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት የነበረው፣ እኛ ተፍጻሜተ ሰማዕት ብለን የምንጠራው ቅዱስ ጴጥሮስ ነበረ። ስደቱ ከተነሣ አራተኛው ፋሲካ በደረሰ ጊዜ፣ በ306 ዓ.ም.፣ ስለ ወደቁት ሰዎች አንዲት የቀኖና መልእክት ጻፈ። ይህችን መልእክት የሚያነብ ሰው የሚያገኘው የዳኛን ፍርድ ሳይሆን፣ የእያንዳንዱን ቍስል ለየብቻ እየዳሰሰ የሚመረምር ሐኪም ነው።

ተይዘው፣ ተገርፈው፣ በመጨረሻም የሥጋ ድካም አሸንፎአቸው ለጣዖት የሠዉትን፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በኀዘን ቆይተዋልና አርባ ቀን ብቻ ጾመው ይግቡ ይላል። ግርፋቱ ሳይደርስባቸው የወኅኒ ቤቱ ጭንቅና ክርፋት ብቻ ያስካዳቸው አንድ ዓመት ይጨመርባቸው ዘንድ ያዛል። ምንም ሳይነካቸው ከፍርሃት የተነሣ ገና ከሩቁ የሮጡትን ደግሞ፣ ፍሬ ያጣችውን በለስ ጌታዋ ሊቈርጣት ሲል የወይኑ ጠባቂ አንድ ዓመት እንደ ለመነላት ያለውን የወንጌል ምሳሌ አንሥቶ፣ ፍሬ እስኪያሳዩ ረዘም ያለ ጊዜ ይሰጣቸዋል። በእጃቸው ዕጣን በግድ ተጭኖ የተቃጠሉትን፣ አፋቸውም በብረት ተፈልቅቆ መሥዋዕቱ የተጨመረባቸውን ከወደቁት ጋር ፈጽሞ አይቈጥራቸውም፤ ከታመኑት ጋር ይቈጥራቸዋል እንጂ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ስለ ባሪያዎችና ስለ ጌቶቻቸው የደነገገው ነው። ባለጸጋው ክርስቲያን ራሱ እንዳይሠዋ ባሪያውን በእርሱ ፈንታ የሚልክበት ጊዜ ነበረ፤ ባሪያውም ክርስቲያን ሆኖ ሳለ፣ ጌታውን ፈርቶ ሄዶ ይሠዋል። ጴጥሮስ ለባሪያው አንድ ዓመት፣ ለጌታው ሦስት ዓመት ንስሐ ፈረደ፤ ጌታው እጁን ንጹሕ አድርጎ የጠበቀ ቢመስለውም፣ የወንድሙን ነፍስ ስለ ራሱ ሥጋ አሳልፎ ሰጥቶአልና። በዚያ ዘመን በሮም ሕግ ባሪያ እንደ ዕቃ ይቈጠር እንደ ነበረ የሚያውቅ ሰው፣ ይህ ድንጋጌ ከዚያ ሕግ ምን ያህል የራቀ እንደ ሆነ አይስተውም።

ገንዘብ ከፍለው ያመለጡትንም አይነቅፍም፣ ከነፍሳቸው ይልቅ ገንዘባቸውን ማጣት መርጠዋልና፤ የተሰደዱትንም እንዲሁ፣ በስደታቸው ምክንያት ሌላ ሰው ቢያዝ እንኳ። የካዱ ካህናት ግን ተመልሰው ቢታሰሩና ቢጸኑም ቍርባኑን ይቀበላሉ እንጂ ወደ ክህነታቸው አይመለሱም። ምሕረቱ እንግዲህ ሚዛን ያለው ምሕረት ነበረ። በጴጥሮስ ዘንድ የነገሩ መሠረት እንዲህ ይመስለኛል፤ ሰው ቃሉን ቢያጥፍ እግዚአብሔር ቃሉን አያጥፍም፤ የንስሐው ርዝመትም የእግዚአብሔርን ፊት ለመመለስ የሚከፈል ዋጋ ሳይሆን፣ የተሰበረው ሰው ተጠግኖ ለመቆም የሚያስፈልገው ጊዜ ነው። አርባ ቀንና ሦስት ዓመት የተለያዩት፣ የሰዎቹ ስብራት ስለ ተለያየ ነው።

ይህን ሁሉ ሰው አልወደደለትም። የሊቆጶሊስ፣ ማለት የዛሬው አስዩጥ፣ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው ሜሌጥዮስ፣ ስደቱ ገና ሳያበቃ የወደቁትን መቀበል በእስር ቤት ያሉትን ታማኞች ማዋረድ ነው ብሎ ተቃወመ። ኤጲፋንዮስ ከሰባ ዓመት ገደማ በኋላ እንደ ጻፈው፣ ሁለቱ አባቶች በአንድ ወኅኒ ታስረው ሳሉ ክርክሩ በበረታ ጊዜ፣ ጴጥሮስ መጐናጸፊያውን አውልቆ በእስር ቤቱ መካከል እንደ መጋረጃ ዘረጋውና፣ የእኔን ሐሳብ የሚወድ ወደ እኔ፣ የሜሌጥዮስን የሚወድ ወደ እርሱ ይሂድ ብሎ በዲያቆን አፍ አሳወጀ። ከታሰሩት ጳጳሳትና መነኮሳት የሚበዙት ወደ ሜሌጥዮስ ሄዱ፤ ከጴጥሮስ ጋር የቀሩት ጥቂቶች ነበሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንድ ጣራ ሥር፣ በአንድ ሰንሰለት ታስረው፣ ጸሎታቸውን ለየብቻ አደረሱ። የሜሌጥዮስ ወገኖች ማኅበራቸውን የሰማዕታት ቤተ ክርስቲያን ብለው ጠሩት።

በእነዚህ ሰዎች ላይ መፍረድ ይቀለናል፤ ነገር ግን በገዛ ገላቸው የግርፋት ሰንበር የተሸከሙ ነበሩና፣ ቍጣቸው ከትዕቢት ብቻ የመጣ አልነበረም። ሆኖም ከሰማዕትነት ክብር የወደቀውን ወንድም መክሰሻ ሲያበጁ ተሳሳቱ። ጴጥሮስም የወደቁትን የሚያዝንላቸው ራሱ ሰይፍ ፈርቶ ነው እንዳይባል፣ በ311 ዓ.ም. ኅዳር 29 ቀን ያለ ፍርድ በእስክንድርያ አንገቱን ተቈረጠ።

በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት አበው፣ ሳይገደዱ በፈቃዳቸው የካዱት እንኳ በ12 ዓመት ንስሐ እንዲመለሱ ወሰኑ፤ ለሚቀጥለውም ዘመን ሁሉ የሚሆን አንድ የቀደመ ሕግ አጸኑ፤ ይኸውም በሞት አፋፍ ላይ ያለ ተነሳሒ፣ ቀኖናውን ቢፈጽምም ባይፈጽምም፣ ስንቁ የሆነው ቅዱስ ቍርባን እንዳይከለከል የሚል ነው። ምሕረትን ለነፈገው ለሜሌጥዮስም በዚያው ጉባኤ ምሕረት ተደረገለት፤ ማዕርጉን እንደ ያዘ፣ ነገር ግን ማንንም ሳይሾም፣ በአገሩ እንዲቀመጥ ተፈቀደለት። ተከታዮቹ ግን ሁሉም አልተመለሱም፤ የእነርሱ ወገን የሆኑ መነኮሳት እስከ ስምንተኛው መቶ ዓመት ድረስ በግብጽ ይገኙ ነበር።

ይህ ጥያቄ በአገራችን በብርቱ የተነሣው በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ነው። በ1529 ዓ.ም. በሽምብራ ኵሬ ዐፄ ልብነ ድንግል በኢማም አሕመድ ድል ከሆኑ ጀምሮ ኢማሙ በ1543 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ ባለው ጊዜ፣ ከመኳንንቱም ከገበሬውም እምነቱን የለወጠው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነበር። ዐፄ ገላውዴዎስ አገሩን ሲያቀኑ፣ ይህ ሁሉ ሕዝብ በምን ሥርዓት ይመለስ የሚለው ነገር በካህናቱ ፊት ቆመ። ጥምቀት አንዲት ናትና አትደገምም፤ ያለ ሥርዓት መቀበልም አይገባም። ሊቃውንት ከዚህ ዘመን ጋር የሚያያይዙት፣ ለካዱና ለተመለሱ ሰዎች የሚጸለየው መጽሐፈ ቄድር፣ ለዚህ መልስ የሆነ መጽሐፍ ነው። ዛሬም ሃይማኖቱን ለውጦ የነበረ ሰው ወደ ንስሐ አባቱ በተመለሰ ጊዜ፣ ካህኑ ውሃውን ባርኮ ይህንኑ ጸሎት ያደርስለታል፤ የታዘዘለትን ቀኖና ሲፈጽምም ከምእመናን ጋር ተሰልፎ ይቈርባል።