የሼኅ በክሪ ሳጳሎ ፊደል



በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በሰበታ ወይም በሱሉልታ ገበያ የተገኘ ሰው፥ እህሉ በኦሮምኛ ሲሰፈር፥ ከብቱም በኦሮምኛ ሲሸጥ ይሰማ ነበር። ያው ገበያተኛ ሙግት ገጥሞት ከዳኛ ፊት በቀረበ ጊዜ ግን፥ በገዛ አገሩ አስተርጓሚ ይቆምለት ነበር። በ1944 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለ ሚሲዮኖች የወጣው ድንጋጌ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን አዘዘ፤ በ1955 የተሻሻለውም ሕገ መንግሥት አማርኛን የመንግሥት ቋንቋ አደረገ። ይህን የምጽፈው እኔም በአማርኛ መሆኑን አልዘነጋሁም።

ከመናገሻ ርቆ፥ በሐረርጌ፥ ይህን ትእዛዝ በፊደል የተሻገሩ አንድ ሊቅ ነበሩ። በ1895 የተወለዱት ሼኅ በክሪ ሳጳሎ ደረሳ የሚያስተምሩ፥ በዐረብኛና በኦሮምኛ ግጥም የሚገጥሙ ሰው ነበሩ። ቋንቋቸውን በሌላው ፊደል ሲጽፉት አልበቃቸውም። ምክንያቱን በአንድ ቃል ላስረዳህ። «ቦና» የሚለው ቃል ድምፁ ሲያጥር በጋ ማለት ነው፤ ሲረዝም ደግሞ ኩራት ማለት ነው። በእኛ ፊደል ግን ሁለቱም ያው «ቦና» ናቸው።

እንግዲህ ሼኁ በ1956 አጭሩንና ረጅሙን ድምፅ የሚለይ አዲስ ፊደል አወጡ። መጽሐፍ የሚያትም ማተሚያ ቤት፥ ደመወዝ የሚከፍል ትምህርት ቤትም አልነበራቸውም። ፊደሉ ከመምህር ወደ ደረሳ፥ ከደረሳም ወደ ደረሳ በእጅ እየተጻፈ ተላለፈ፤ ሰዎችም ደብዳቤ ይጻጻፉበት ጀመር። ወሬው ከባለ ሥልጣኖች ጆሮ በደረሰ ጊዜ ፊደሉ ተከለከለ፤ እርሳቸውም በድሬዳዋ በቤት እስር ተቀመጡ። ጦር አላነሡም፥ ግብርም አላስከለከሉም። በእኔ አስተያየት መንግሥቱ የፈራው ገበሬው የሚናገረውን አልነበረም፤ የሚናገረውን ቢጽፈው ነበር።

በ1978 ሼኁ ወደ ሶማሊያ ተሰደዱ፤ በ1980ም በዚያው በስደት ዐረፉ። ስለ ፊደላቸው ሪቻርድ ሄይዋርድና መሐመድ ሐሰን የጻፉት ጥናት በሎንዶን የታተመው እርሳቸው በሞቱ በዓመቱ ነው።

በ1991 ኦሮምኛ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ ተወሰነ። ዛሬ የሰበታ ልጅ በትምህርት ቤቱ በጋን ሲጽፍ አንድ «ኦ» ያደርጋል፤ ኩራትን ሲጽፍ ሁለት።